እምቢ ያለ ቡሎንና የዴም ትዝታችን

በቅርቡ የአህያ ጋሪ ያለው አንድ ጎረቤታችን የጋሪውን ጎማ ሊፈታ ፈልጎ አንዱ ዳዶ እምቢ ቢለው ቁልፍ ሊዋስ ወደ መጠለያችን መጣ። በእጁ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቱቦ ይዟል። ለካ ቱቦውን በቁልፉ እጀታ ላይ ሰክቶ ሊቆምበት ነው። «ቆይ! ቆይ!» አልነው ሦስታችንም ባንድ አፍ። ሰውየው ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀና «አንድ ዳዶ ለመፍታት ይሄ ሁሉ ጩኸት ምንድነው?» አለን። ናፍታ አጠጥተን፣ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገን አሳደርነው። በነጋታው ያለ ቱቦ ወጣ። እሱ ግን ጥያቄውን አልተወም፤ ለምን እንደጮህን እንድንነግረው ፈለገ። ነገሩ ደግሞ በአንድ ቡና የሚያልቅ አልሆነም። ለዚህ ነው እዚህ ላይ የጻፍነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዴም ነው።

ካርቱምን የረገጠ ሐበሻ ዴምን ያውቃል። ከመሃል ከተማው በስተደቡብ፣ የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት ከሰጃና ገበያ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በደርግ ዘመን የተሰደዱት ወገኖቻችን ከእኛ በፊት ኖረውበታል። እንጀራው፣ ጀበናው፣ ጸጉር ቤቱ፣ የሀገር ቤት ዘፈን የሚከፈትበት ምግብ ቤት፣ ሁሉም እዚያ ነበር። እኛ በ1998 ዓ.ም. ስንገባ አራት ነበርን። አንድ ሆሽ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። አንገረቡ ሁለት ነው፤ በሙቀቱ ወራት ግን ሁላችንም ግቢው ውስጥ ስለምንተኛ የአልጋ ጠብ አልነበረብንም። ወረቀታችን የካምፕ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ስለነበር፣ ካርቱም ውስጥ መኖራችንም መሥራታችንም በስርቆት ዓይነት ነበር። ከሻ መጣ ሲባል የሠራነውን ጥለን እንሮጣለን። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አናስረዝመው።

ሥራ ያገኘነው ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ዘንድ ነው። ኡስታ እንላቸዋለን። የሚናገሩት ጥቂት፣ የሚያዩት ብዙ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ሙስማር አምጡ» አሉን። ሮጠን ሄደን ከሰጃና ግማሽ ኪሎ ምስማር ገዝተን መጣን! ለካ በእነሱ ቋንቋ ሙስማር ምስማርም ነው፣ ቡሎንም ነው። ኡስታው ምስማሩን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ከዚያ በኪሳቸው ከተቱትና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ለወራት «እነዚያ የምስማር ልጆች» ነበር ስማችን። እኛ ከሀገር ቤት የያዝነው የጋራዥ ቋንቋ የጣሊያን ነው፤ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳ። እነሱ ዳዶን ሳሙላ፣ መዶሻን ሻኩሽ፣ ቁልፍን ሙፍታሕ ይላሉ። አንድ ዓመት ሳይሞላን በሁለቱም ቋንቋ መሳደብ ቻልን።

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ።

ሱዳኖች ዳፋር የሚሉት ዓይነት አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ መጣ። የግራው የኋላ ጎማ ነው። ከአራታችን ጉልበት ያለው አንዱ ጓደኛችን ነበር። የጎማ መፍቻውን ሰካ፣ ወደ ግራ ገፋ። እምቢ አለ። ረገጠው። እምቢ አለ። ቱቦ ጨመረበትና ዘለለበት። «ቷ!» አለ። ቡሎኑ ከሥሩ ተቆርጦ ከነዳዶው መሬት ላይ ተንከባለለ። ጓደኛችን በደስታ «ወጣ!» አለ። ኡስታው ቀስ ብለው መጡና የሚቀጥለውን ቡሎን ጫፍ በጨርቅ ጠረጉት። እንግሊዝኛው «ኤል» የሚለው ፊደል ተቀርጾበታል። እንዲህ ባሉ የጭነት መኪናዎች ላይ የግራው ጎማ ዳዶዎች ጥርሳቸው የተገለበጠ ነው፤ የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። ጎማው ሲዞር ዳዶዎቹን እንዳያላላቸው ታስቦ የተሠራ ነው ይባላል። ጓደኛችን ከመነሻውም ሲያጠብቅ ነበር የቆየው! በሀገር ቤትም በአይሱዙ የሚሠሩ ወንድሞች ይህን ሳያውቁ ስንት ቡሎን እንደቆረጡ እነሱው ይቁጠሩት። ኡስታው አልተቆጡም። «ቢራሃ፣ ያ ሐበሺ» አሉት። በቀስታ፣ አንተ ሐበሻ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማነው አንቆጥረውም።

ቡሎን ለምን እምቢ ይላል? ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከተበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ቡሎኑና ዳዶው መካከል ያለችው ክፍተት ደግሞ የፀጉር ያህል ናት። እዚያች ውስጥ ዝገት ሲያብጥ ሁለቱን ብረት እንደ ሽብልቅ ይነክሳቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዝገት ሳይኖረው ጎማ ሠራተኛው ከልክ በላይ ስላጠበቀው ነው። ጭስ ማውጫ አካባቢ ያለው ቡሎን ሌላ ጣጣ አለው፤ በየቀኑ እየጋለና እየቀዘቀዘ ስለሚኖር ይደርቃል፣ ይሰንፋል፣ ትንሽ ሲነኩት ይቆረጣል። ስለዚህ እምቢ ያለ ቡሎን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁልፍ ከመሰካታችን በፊት እምቢ ያለበትን ምክንያት ማየት አለብን።

ቱቦ መጨመር ለምን ክፉ ነው? እጀታው በእጥፍ ሲረዝም ጉልበቱም በእጥፍ ይጨምራል፤ ይህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ረጅም እጀታ እጃችንን ያደነቁራል። አጭር ቁልፍ ስንይዝ ቡሎኑ የሚለውን እንሰማለን። ሊፈታ ያለ ቡሎን «ጢጥ» ይላል፤ እንደ ዛገ በር ይጮሃል። ሊሰበር ያለው ግን ድምፅ የለውም፤ ቁልፉ እንደ ሊጥ ለስለስ ብሎ ይዞራል። አላዋቂ ይህን ጊዜ «ተፈታ» ብሎ ይደሰታል። ያን ጊዜ ማቆም ነው። ወዲያው ማቆም!

የኡስታው አሠራር እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ጥርሱ ላይ ያለውን አፈርና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። ከዚያ የሚሰርግ ፈሳሽ ማጠጣት። ገንዘብ ያለው የቆርቆሮውን ደብሊው ዲ 40 ይገዛል። (ቁጥሩ የመጣው ፈሳሹን የሠሩት አሜሪካኖች በ1953 እ.ኤ.አ. በ40ኛው ሙከራቸው ስለተሳካላቸው ነው። 39 ጊዜ ከሽፎባቸዋል ማለት ነው፤ እኛ በሦስተኛው መዶሻ እናነሳለን።) ገንዘብ የሌለው ናፍታ ወይም ነጭ ጋዝ ይጠቀማል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ነው፤ እሳት እንዳይቀርበው እንጂ። አጠጥቶ መተው ነው። አንድ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት። በየመካከሉ በትንሽ መዶሻ ዳዶውን ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ፈሳሹ መግቢያ ያገኛል። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነገር ይመጣል፤ ከመፍታት በፊት በጥቂቱ ማጥበቅ። የፀጉር ያህል ብቻ። ዝገቱ ያሰረው በሁለቱም አቅጣጫ ነውና ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ሲነቃነቅ ማሰሪያው ይሰበራል። ከዚያ ሩብ ዙር መፍታት፣ መመለስ፣ ደግሞ ማጠጣት፣ ደግሞ መፍታት።

ብየዳ ቤት ያለበት ሰው እሳትም አለው። እሳት ሲሰጥ ዳዶው ነው መጋል ያለበት እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ ዳዶው ሲሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ነፋስ ያለበት ጎማ አጠገብ ግን እሳት ማስጠጋት ነፍስን መወራረድ ነው። ጎማ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል።

ይህን ሁሉ በቃል አወቅን። በሥራ ያወቅነው ግን በአንዲት አምጃድ ላይ ነው።

አምጃድ በካርቱም ሰው የምታመላልስ ትንሽ ቫን ናት። ባለቤቷ የስድስት ልጆች አባት ነው፤ የዕለቱን በዕለቱ ሠርቶ የሚበላ። ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ እንድንቀይርለት አመጣት። ኡስታው ለቅሶ ሄደዋል። «ነገ ጠዋት ትደርሳለች» አልነው፤ ይህን ያለን ማንም አልጠየቀንም። ሦስተኛው ቡሎን ላይ ያ ለስላሳው ነገር መጣ። ሁላችንም አወቅነው። አንዳችንም አላቆምንም፤ ነገ ጠዋት ብለናላ! ተቆረጠ፤ ጉማጁ ቴስታታው ውስጥ ቀረ።

እሺ፣ የተቆረጠም ይወጣል። ጉማጁን በሞረድ አስተካክሎ፣ ልክ መሃሉን በነጥብ መምቻ መትቶ፣ በቀጭን ፑንታ መብሳት ነው። መሃሉን የሳተ ፑንታ የቴስታታውን ጥርስ ይበላል። ከዚያ በግራ የተጠመዘዘች ማውጫ ብረት አለች፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ወደ ግራ ስትዞር ትነክስና ጉማጁን ይዛ ትወጣለች። ትወጣለች የተባለችው እኛ ስንይዛት ውስጥ ተሰበረች። አሁን ጉድ ፈላ! ይህች ብረት በጣም ጠንካራ ናት፤ ተራ ፑንታ አይበሳትም። አንድ ቡሎን ልናወጣ ገብተን ከቡሎኑ የባሰ ነገር ቀበርንበት። ትዝ ይለናል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሞተሩን ከበን ቆመን አንዳችንም አንናገርም። ሰውየው ጠዋት መጥቶ መኪናውን እንዲህ ቢያገኛት ምን ያደርጋል? ሱዳናዊ ነው፣ እኛ ወረቀታችን የካምፕ ነው። አንድ ስልክ ይበቃው ነበር።

ጠዋት መጣ። አየ። ተቀመጠ። ጭንቅላቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ቁርስ በላችሁ?» አለን። ፉል አዘዘ። ለማንም አልደወለም። እኛም መኪናዋ በቆመችበት ሦስት ቀን የዕለት ገቢውን ከቤት ኪራያችን ከፈልነው፤ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ተቀበለ፤ ልጆች ነበሩታ።

ኡስታው ከለቅሶ ሲመለሱ ጉማጁ ላይ በኤሌክትሮድ ጥቂት ጥቂት እያንጠባጠቡ ከቴስታታው ፊት ከፍ አደረጉት። የዚያች መኪና ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ የብረቱ ብየዳ አይዘውም፤ ጉማጁን ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጠው በቀዳዳው በኩል ከጉማጁ ጋር በየዱት። ግለቱ ራሱ ማሰሪያውን ሰበረው፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣልና ቀዳዳው ሰፋ። ሁለቴ ዳዶው ተነቅሎ ቀረ፤ ሁለቴ ደገሙት። በሦስተኛው ቁልፍ ሰኩበትና ወደ ቀኝ ፀጉር ታህል፣ ወደ ግራ ፀጉር ታህል። ጢጥ! እስከ ዛሬ ከሰማነው ዘፈን ሁሉ ያ ድምፅ ይበልጥብናል። ኡስታው ከደመወዛችን አልቆረጡም። ጉማጁን ከነዳዶው ለዚያ ለጉልበተኛው ጓደኛችን ሰጡት፤ ቁልፍ መያዣው ላይ አንጠልጥሎት ኖረ። በ2006 ዓ.ም. በሊቢያ በኩል ሲሄድም ይዞት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ የቡሎን ጉማጅ ያንጠለጠለ ሰው ያየ ካለ ይንገረን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራን። ሌላውን እንለፈው።

2015 ዓ.ም. ላይ ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ወርክሾፑ ውስጥ ኡስታውም ጾም፣ እኛም ጾም፤ ቀን ሻይ የሚያፈላ ጠፋ። ሐሙስ ሚያዝያ 5 ቀን ማታ ስንለያይ መልካም በዓል ተባባልን። ለአንድ ሥራ ብለን ከኡስታው ሳጥን ውስጥ አንዲት ቡሶላ ተውሰን ይዘን ወጣን። ከባድ፣ ወፍራም፣ በኢንች የተለካች አሮጌ ቡሶላ፤ 13/16 ትላለች። «ቅዳሜ እንመልሳታለን» አልን።

ቅዳሜ ሚያዝያ 7፣ በቀዳም ስዑር፣ ጦርነቱ ተጀመረ። አውሮፕላን ማረፊያው ከዴም ሩቅ አይደለም፤ መካከላቸው ያለው አማራት ነው። ለፋሲካ የተገዛው ዶሮ ሳይታረድ ቤቱ ተናወጠ። መብራት ሄደ፣ ውሃ ሄደ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዘጠኝ ቀናት ብዙዎቻችሁ በየሰፈራችሁ አይታችኋቸዋል፤ እኛ የምንጨምረው የለንም። ኡስታው የሚኖሩት ኦምዱርማን ነው፤ ድልድዮቹ ከተዘጉ ወዲህ ስልካቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሠራልን። «ደህና ናችሁ? ደህና ነኝ» ብቻ ተባባልንና ተቋረጠ። ስለ ቡሶላዋ ማን ያነሳል?

ሚያዝያ 16 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ለ72 ሰዓት ተኩስ ይቆማል ተብሎ ተነገረ። በሆሻችን ያለነው አሥራ ሰባት ነፍስ ነን። ሁለት ሕፃናት፣ ቡና እየሸጡ ሁላችንንም ያሳደጉ አንዲት እናት፣ ጸጉር ቤት የሚሠሩ ሁለት እህቶች፣ ሌሎችም። አንድ ሾፌር በሃይስ እስከ ገዳሪፍ ሊወስደን ተስማማ። 400 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ያለን ገንዘብ ሁሉ ተዋጣ። ማታ መኪናዋን ሆሹ በር ላይ አቁሞ ሲወርድ የኋላ ጎማዋ መሬት ላይ ተኝታለች፤ ስንጥር ብረት ገብቶባታል። መለዋወጫ ጎማ አለው። «ንጋት 11 ሰዓት እንወጣለን፤ ካልሆነ ሌሎች ሰዎች እየጠበቁኝ ነው» አለ። አንፈርድበትም፤ እሱም ነፍስ ነው።

ዳዶው ስድስት ነው። አራቱ ወጡ። አምስተኛው ዝጎ እምቢ አለ። ስድስተኛው የባሰ ነው፤ ከዚህ በፊት የፈታው ሰው ጠርዙን በልቶ ክብ አድርጎታል፣ ቁልፍ አይዘውም። ከጎረቤት የመጡ ልጆች ቱቦ ይዘው መጡ። «ዘሎ መስበር ነው፣ ጊዜ የለም!» አሉ። ግማሹ ሰው ከእነሱ ጋር ነው። እኛ ሦስታችን ተያየን። ያቺን አምጃድ ነበር ያየነው።

ቁጭ ብለን ቆጠርን። ከስድስት ቡሎን አንዱ ቢጎድል፣ አምስቱ ደህና ከሆኑ፣ በዝግታ ገዳሪፍ ይገባል። ሁለት ጎን ለጎን ቢጎድሉና አሥራ ሰባት ሰው ቢጫን ግን በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ማንም አይምልም። ስለዚህ መስበር የምንችለው አንድ ብቻ ነው። ክቡ ይሰበር፤ የዛገው ግን መውጣት አለበት። ልጆቹን አምስተኛውን እንዳይነኩ ለመንናቸው።

እሳት የለም፣ ብየዳ የለም፣ መብራት የለም። የካምቢዮ ዘይት ሾፌሩ ዘንድ ተገኘ። አሴቶንስ? ከእህቶቻችን አንዷ ሻንጣዋን ከፍታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርሙስ አወጣች። «ለዚህ ነው የያዝኩት፤ ጥፍሬ እንኳ ሳይሠራ ልሞት!» አለችና ሁላችንን አሳቀችን። በሻይ ብርጭቆ ቀላቅለን በመርፌ ጫፉ ላይ አንጠባጠብን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። ከዚያ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ግን በዚያ ጸጥታ መዶሻ እንደ ጥይት ይሰማል። ከአጎራባች ሆሽ «ምንድነው?» የሚል ጩኸት መጣ። መዶሻውን በነጠላ ጠቅልለን መታን። እኚያ እናት ነጠላቸውን ሲሰጡን «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ቀስ በሉ» አሉን። ቢራሃ እንደማለት ነው።

በየግማሽ ሰዓቱ አጠጣን፣ መታን። 6 ሰዓት ላይ ቁልፍ ሰክተን ሞከርን፤ አልነቃነቅም አለ፤ ተውነው። መተው ከመምታት ይከብድ ነበር። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው በጥላቻ ያዩናል። ተኩሱ አልቆመም፤ ራቅ አለ እንጂ። ሌሊት 8 ሰዓት አለፍ ሲል ከመካከላችን እጁ ቀላል የሆነው በአጭር ቁልፍ ያዘው፤ ወደ ማጥበቂያው ፀጉር ታህል ገፋ። ጢጥ። ማንም አልተነፈሰም። ወደ መፍቻው። ጢጥ። ሩብ ዙር፣ መልስ፣ አጠጣ፣ ሩብ ዙር። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ በእጃችን ላይ ወደቀ። አንደኛው ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ።

ክቡን ስድስተኛ በኡስታው ቡሶላ ነው የጨረስነው። የሃይሷ ዳዶ 21 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13/16 ኢንች ደግሞ 20.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ትንሽ ትጠባለች ማለት ነው። ጠርዙ ለተበላ ዳዶ የሚፈለገው ይህ ነው፤ በመዶሻ ትገባለች፣ የተረፈውን ጠርዝ ትነክሳለች። ነጠላውን አጥፈን መታን፣ ነከሰች። አሁን ለእነዚያ ልጆች «ቱቦአችሁን አምጡ» አልናቸው። ሁለቱ ዘለሉበት። «ቷ!» ተቆረጠ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እኛንም ደስ አለን።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ በአምስት ዳዶ ወጣን። መኪና ያላችሁ ይህን ያዙ፤ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቆሞ ደግሞ ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ ቡሎን ሲጎድል ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። እኛ የቆምነው ፍተሻዎቹን ካለፍን በኋላ የሱዳን መኪና ይገጣጠምበት በነበረው ጊያድ አካባቢ ነው። አንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር። ዋድ መዳኒ ላይ ውሃ ጠጣን። ገዳሪፍ የገባነው ጨልሞ ነው። አንዳንዶቹ ከዚያ በገላባት በኩል መተማ ገቡ፤ እኛና እኚያ እናት ወደ ካምፕ መጣን።

ወርክሾፑ ተዘርፏል ብለው የነገሩን ሰዎች አሉ። የኡስታው ስልክ እስከ ዛሬ አይሠራም። ኦምዱርማን ዘመድ ያላቸውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ ስማቸውን የሚያውቅ ገና አላገኘንም። ቡሶላዋ ግን እዚህ ናት፤ መጠለያችን ውስጥ፣ በዚያ በነጠላው ቁራጭ ተጠቅልላ። የወፍጮ ቤቱም፣ የጋሪዎቹም፣ የውሃ ቦቴውም ዳዶ በእሷ ተፈትቷል። የቸገረው ሰው መጥቶ ይዋስ፤ ማታ በማንኛውም ሰዓት አለን። ቱቦ ግን ውጭ ይቀመጥ። ቡሶላዋም በዕለቱ ትመለስ፤ የሰው ዕቃ ናት።